ስምንት ሰው፣ አንድ ዮኪች፦ የቅርጫት ኳስ ፋንታሲ መተግበሪያ ግምገማ ከጅማ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ ተጫዋቾች ላይ ተመሥርቶ ምናባዊ ቡድን የሚያስመሠርት አንድ ነፃ የፋንታሲ መተግበሪያን ነው። ባለቤቱ ከትልልቆቹ የአሜሪካ የስፖርት መገናኛ ብዙኃን አንዱ ሲሆን፣ ስሙን ከመጥቀስ የተቆጠብኩት የማነሳቸው ጉድለቶች በሞከርኳቸው ሌሎች መተግበሪያዎችም ላይ በመጠኑ ስላሉ፣ አንዱን ለይቶ መውቀስ ፍትሐዊ ስላልመሰለኝ ነው። ጅማ ውስጥ ከኮቺ እስከ ኪቶ ፉርዲሳ ተበታትነን የምንኖር ስምንት ሰዎች የ2025/26 ቡድኖቻችንን የመረጥነው በዚህ መተግበሪያ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፍርዴን ሳላቆይ ልናገር። መተግበሪያው ተጫዋች መምረጫ አዳራሽ ሆኖ ሲያገለግል የሚያስመሰግን ነው፤ የተጫዋችን ዋጋ ለመገመት ግን የሚያቀርበው ምክር የእናንተን የጨዋታ ደንብ ከቁጥር የማያስገባ በመሆኑ፣ ያለ ምርመራ የተከተለው ሰው ገና ከመጀመሪያው ዙር ይጎዳል።

አብዛኛው አንባቢ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ፋንታሲ ስለሚያውቅ ልዩነቱን ከዚያ ብጀምር ይሻላል። በፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታ ሁሉም ሰው 100 ሚሊዮን ይሰጠውና 15 ተጫዋች ይገዛል፤ የተጫዋቹን ዋጋ የሚቆርጠው ጨዋታው ራሱ ነው፤ ሳላህን እኔም፣ አንተም፣ ጎረቤትህም በአንድ ጊዜ ልንይዘው እንችላለን። እዚህ ግን አንድ ተጫዋች በአንድ ሊግ (እንደ እኛ ስምንታችን አብረው በሚጫወቱ ሰዎች ስብስብ) ውስጥ የአንድ ሰው ብቻ ነው። ከኤንቢኤ ታላላቅ ኮከቦች አንዱ የሆነውን ዮኪችን እኔ ከወሰድኩት ሌሎቹ ሰባቱ የውድድር ዘመኑን በሙሉ ያለ ዮኪች ይኖራሉ። በዚህም ምክንያት ክርክሩ የሚያተኩረው ተጫዋቹ ጎበዝ ስለመሆኑ ሳይሆን፣ እርሱን በመውሰዴ የማልፈው ሌላ ሰው ማን እንደሆነና ተራዬ ዳግመኛ እስኪደርስ ማን ተርፎ እንደሚጠብቀኝ ነው። ጨዋታውን ከእግር ኳሱ ፋንታሲ ይልቅ ራስን የሚያደክም፣ ለወሬም የሚመች ያደረገው ይኸው ነው።

ምርጫው የሚካሄደው ተመላላሽ በሆነ ተራ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከ1 እስከ 8 የሄደው ተራ በሁለተኛው ዙር ከ8 ወደ 1 ይመለሳል፤ አንደኛውን ዕጣ ያገኘ ሰው ቀጥሎ የሚደርሰው 16ኛውና 17ኛው ምርጫ ሲሆን፣ ስምንተኛው ደግሞ 8ኛውንና 9ኛውን በአንድ ትንፋሽ ይወስዳል። መተግበሪያው ይህን ሥርዓት ያለ እንከን ያስኬዳል። ተራው የማን እንደሆነ፣ ስንት ሴኮንድ እንደቀረው፣ እያንዳንዱ ሰው ስንት ጋርድ (ኳስ አደራጅ)፣ ስንት ፎርዋርድ (አጥቂ) እና ስንት ሴንተር (ቅርጫቱ ሥር የሚጫወት ረጅም ሰው) እንደያዘ በአንድ ገጽ ላይ ይታያል። ከሁሉ የወደድኩት የራስን ተርታ አስቀድሞ ማደራጀት የሚያስችለውን ክፍል ነው፤ የምትፈልጓቸውን ተጫዋቾች በቅደም ተከተል ካስቀመጣችሁ፣ ሌላው ሰው አንዱን በወሰደ ቁጥር ስሙ ከተርታችሁ ላይ በራሱ ይነሣል።

ችግሩ የሚጀምረው መተግበሪያው ራሱ ካዘጋጀው የደረጃ ዝርዝር ነው። እኛ የምንጫወተው በዘጠኝ መለኪያ ነው፦ ነጥብ፣ ሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰን ኳስ መያዝ)፣ አሲስት (ለሚያስቆጥር ጓደኛ ማቀበል)፣ ስቲል (ከተጋጣሚ ኳስ መንጠቅ)፣ ብሎክ (የተወረወረን ኳስ ማገድ)፣ የገባ ባለሦስት (ከሩቅ ተወርውሮ ሦስት ነጥብ የሚያስገኝ)፣ ከሜዳ የተወረወረ ኳስ የገባበት መቶኛ፣ የፍሪ ትሮው (በጥፋት ምክንያት ያለ ተከላካይ የሚወረወር ኳስ) መቶኛ፣ እና ተርንኦቨር (ኳስን ለተጋጣሚ ማባከን)፤ የመጨረሻው ሲያንስ ነው የሚያሸልመው። በየሳምንቱ ሁለት ሰዎች ይገጥማሉ፣ ከዘጠኙ አምስቱን ያሸነፈ ሳምንቱን ያሸንፋል። የዝርዝሩ ስሌት ግን የተሠራው ለሌላ ዓይነት ደንብ ነው፤ ተጫዋቹ በሜዳ ላይ የሠራው ሁሉ ወደ አንድ ድምር ነጥብ ተቀይሮ ለሚቆጠርበት ጨዋታ። ሰብሳቢያችን ደንቡን በቅንብሩ ውስጥ ወደ ዘጠኝ መለኪያ ሲቀይረው ዝርዝሩ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ይህን የሚናገር ማስጠንቀቂያም የትም ቦታ አልተጻፈም።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ትሬ ያንግ የተባለውን ጋርድ መውሰድ ይበቃል። በ2024/25 በጨዋታ በአማካይ 24.2 ነጥብና 11.6 አሲስት አስመዝግቧል፤ በአሲስት ከሊጉ አንደኛ ነበር። ሁሉም ነገር በሚደመርበት ጨዋታ እንዲህ ያለው ሰው ውድ ነው፤ የሚያባክነው ኳስ ከድምሩ ላይ ትንሽ ይቀንስበታል እንጂ አያስጨንቀውም። በዘጠኝ መለኪያ ግን ያው ሰው በጨዋታ 4.7 ተርንኦቨር ይዞ ይመጣል፣ ከሜዳ ከሚወረውረው የሚገባለት 41 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አሲስትን በእጁ እየሰጠ ሁለት መለኪያዎችን በሌላው እጁ ይነጥቃል። መጥፎ ምርጫ ነው ማለቴ አይደለም። ሌሎች አሲስት አቀባዮቹ ቀድመው ለተወሰዱበት ሰው በሦስተኛው ዙር እሰየው ነው፤ ዝርዝሩ ባስቀመጠው ከፍታ ላይ ግን አይደለም።

የያኒስ አንቴቶኩምፖ ጉዳይ ግን በዚህ መጠን በቀላሉ የሚዘጋ አልሆነም። ከምርጫው በፊት አጂፕ አካባቢ በሚገኝ አንድ ካፌ ተሰባስበን ከተከራከርነው ውስጥ እኩሌታው የእርሱ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተከራካሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ዕድሜው የገፋ ፋርማሲስት ሲሆን ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲ ወጣት መምህር ነው። መምህሩ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የ2024/25ን ቁጥር አነበበ፦ 30.4 ነጥብ፣ 11.9 ሪባውንድ፣ 6.5 አሲስት፣ ከሜዳ 60 በመቶ። «ጋሼ፣ ይህን ሰው ከመጀመሪያው ዙር የሚያወጣ ምን ዓይነት ስሌት ነው?» አለ። ፋርማሲስቱ ቡናውን ሳያስቀምጥ፣ «ልጄ፣ ማንም ሳይነካው ቆሞ የሚስተውን አንተ አትቆጥረውም፣ ማሽኑ ግን ይቆጥረዋል» ብሎ መለሰለት።

የሽማግሌው ነጥብ ሒሳብ ቢሠራለት ትርጉሙ ጎልቶ ይታያል። ያኒስ በዚያው የውድድር ዘመን በጨዋታ 10.6 ፍሪ ትሮው ወርውሮ የገባለት 61.7 በመቶ ብቻ ነው። እንበልና የቀረው ቡድናችሁ በሳምንት 200 ወርውሮ 160 ያስገባል፤ ይህ 80 በመቶ ነው፣ መልካም ቁጥር ነው። ያኒስ በሳምንቱ አራት ጨዋታ ቢኖረው ወደ 42 ወርውሮ 26 ያህል ያስገባል፤ የቡድናችሁ ድምር 242 ተወርውሮ 186 የገባ ይሆናል፣ ማለትም ከ77 በመቶ በጥቂት ያነሰ። አንድ ሰው ብቻውን መላውን ቡድን ከሦስት መቶኛ በላይ አወረደው። ይህን ለመካስ በፍሪ ትሮው ወደር የሌለውን ስቴፈን ከሪን ብትጨምሩ እንኳ፣ ከሪ በሳምንት 18 ወርውሮ 17 ቢያስገባ፣ ቡድኑ ወደ 78 በመቶ ብቻ ነው የሚመለሰው፤ ከሪ ብዙ ጊዜ ወደ መስመሩ አይሄድማ። መቶኛ በሚቆጠርበት መለኪያ ላይ ጉዳቱን የሚወስነው ድክመቱ ብቻ አይደለም፤ ስንት ጊዜ ይወረውራል የሚለውም ነው። በጨዋታ ሦስት ወርውሮ ሁለት የሚያስገባ ሴንተር ከያኒስ እምብዛም የማይሻል መቶኛ ሊኖረው ይችላል፣ ነገር ግን ያው ቡድን ላይ ቢጨመር የሚያጎድለው ከአንድ መቶኛ ያነሰ ነው።

መተግበሪያው የሚያሳየው ግን መቶኛውን ብቻ ነው። ተጫዋቹ በጨዋታ ስንት ፍሪ ትሮው እንደሚወረውር ለማየት ከምርጫው አዳራሽ ወጥቶ፣ የተጫዋቹን ገጽ ከፍቶ፣ ወደ ታች ወርዶ መፈለግ ያስፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ደግሞ ሰዓቱ እየቆጠረ ሳለ ነው። ለእኔ ከመተግበሪያው ጉድለቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ቁጥሩ በእጃቸው አለ፤ ከመቶኛው ጎን አንዲት ዓምድ ቢጨምሩ ስንት ሰው ከስሕተት በዳነ ነበር።

የመምህሩም መልስ ግን ባዶ አልነበረም፣ እንዲያውም በመጨረሻ ያሳመነኝ እርሱ ነው። ሳምንቱን ለማሸነፍ ከዘጠኙ አምስቱ ይበቃሉ። ስለዚህ ፍሪ ትሮውን ከመጀመሪያው ቀን እርግፍ አድርጎ የተወ ሰው፣ ሌላው በፍርሃት የሚያልፋቸውን ተጫዋቾች በርካሽ እየሰበሰበ በቀሪዎቹ ስምንት መለኪያዎች ላይ ይበረታል። ዳይሰን ዳንኤልስ የተባለው ጋርድ ለዚህ ምስክር ነው። በ2024/25 በጨዋታ በአማካይ 3 ስቲል ሲያስመዘግብ በጠቅላላው 229 አድርሷል፤ ፍሪ ትሮው ሲወረውር የሚገባለት ግን 60 በመቶ እንኳ አይሞላም። ብዙ ጥሩ ተጫዋች በጨዋታ አንድ ስቲል አካባቢ በሚያመጣበት ሊግ ውስጥ ሦስት የሚያመጣ ሰው ያን መለኪያ ብቻውን ሊያሸንፍላችሁ ይችላል። ዳንኤልስን፣ ሴንተሩን ሩዲ ጎበርትንና ያኒስን በአንድ ቡድን የያዘ ሰው አንዱን መለኪያ በየሳምንቱ መሸነፉን አውቆ ተቀብሏል፤ በምትኩ ሪባውንድ፣ ብሎክ፣ ስቲልና የሜዳ መቶኛ በእጁ ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ያኒስ ለአንዱ ሰው ሦስተኛ ምርጫ፣ ለሌላው አሥራ አምስተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንድ ቋሚ ተርታ ለሁሉም የሚያቀርብ መተግበሪያ ይህን ሊናገር አይችልም፣ ቢያንስ አንድ መለኪያ ተቀንሶ ዝርዝሩ እንደገና የሚሰላበት ቁልፍ ሊኖረው ይገባ ነበር።

ስለ መጀመሪያው ምርጫ የነበረው ክርክር ከዚህ ያነሰ ቢሆንም ማለፍ አይገባም። ኒኮላ ዮኪች በ2024/25 29.6 ነጥብ፣ 12.7 ሪባውንድና 10.2 አሲስት በአማካይ አስመዝግቧል፤ አንድ ሴንተር የውድድር ዘመኑን በሦስት መለኪያዎች ባለሁለት አኃዝ (10 እና ከዚያ በላይ) አማካይ ይዞ ሲጨርስ ያ የመጀመሪያው ነው። ይህ ሰው የሊጉ ቡድኖች አዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚወስዱበት በ2014ቱ የኤንቢኤ ምርጫ 41ኛ ሆኖ የተወሰደ መሆኑን ሳስብ፣ ከፍተኛ ደመወዝ የሚከፈላቸው ባለሙያዎችም የሰው ዋጋ ሲገምቱ እንደሚስቱ አስታውሼ እጽናናለሁ። ከጎኑ ሼይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር ቆሟል፤ 32.7 ነጥብ ይዞ የሊጉ ቀዳሚ ነጥብ አስቆጣሪ ነበር፣ በ76 ጨዋታ ተሰልፏል፣ ከፍሪ ትሮው ወደ 90 በመቶ ያስገባል፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ቡድኑ ኦክላሆማ ሲቲም ዋንጫውን አንሥቷል። ለዘጠኝ መለኪያ ጨዋታ እንደ እርሱ ጉዳት የማያመጣ ተጫዋች ማግኘት ይቸግራል። ዮኪች በተርንኦቨር ትንሽ ያስከፍላል፣ ሼይ ግን የትም ቦታ አያስከፍልም።

ሦስተኛው ዕጩ ቪክቶር ዌምባንያማ ነው፤ ሰውን ለሁለት የሚከፍለውም እርሱ ነው። በ2024/25 የተጫወተው 46 ጨዋታ ብቻ ነው፤ በፌብሩዋሪ 2025 ቀኝ ትከሻው ላይ የደም መርጋት ተገኝቶበት ቀሪውን ዓመት አቋረጠ። ሆኖም በጨዋታ 3.8 ብሎክ ሲያስመዘግብ ስለነበር፣ በ46 ጨዋታ ወደ 175 ብሎክ ሰብስቦ ዓመቱን ሙሉ ከተጫወቱት ሴንተሮች ሁሉ በልጦ ጨርሷል። አንድ መለኪያ በሞላ ጎደል በአንድ ሰው እጅ ሲሆን ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ከዚያም ላይ ይህ ቁመተ ረጅም ሰው በጨዋታ ከሦስት በላይ ባለሦስት ያስገባል፤ ብሎክና ባለሦስት በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የቀረውን ቡድን የማዋቀር ነፃነት ይሰጣሉ። ፋርማሲስቱ ስለ ደም መርጋት የሰጠው ማብራሪያ ረጅምና ከጨዋታው ጋር እምብዛም የማይገናኝ ነበር (የመድኃኒት ዋጋም ተነሥቶበታል)፤ ሆኖም ምርጫው ሲደርስ ዌምባንያማን ሁለተኛ አድርጎ የወሰደው እርሱ ራሱ ነው።

መተግበሪያው በዚህ በኩል የሚያስመሰግነው ሥራ አለው። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ተጫዋቹ ባለፈው ዓመት ስንት ጨዋታ እንደተሰለፈ ይታያል፣ የጉዳት ምልክቱም ቀይና ቢጫ ሆኖ በወቅቱ ይታደሳል። በ2025ቱ የፍጻሜ ውድድር ሰባተኛ ጨዋታ ላይ የአኪሊስ ጅማቱ የተበጠሰው ታይሪስ ሃሊበርተን፣ ከእርሱ በፊት በሜይ ወር ተመሳሳይ ጉዳት የደረሰበት ጄሰን ቴተም፣ ሁለቱም በምርጫችን ወቅት ቀይ ምልክት ተደርጎባቸው በዝርዝሩ ታች ተቀምጠው ነበር። ይህን ምልክት ያላየ ሰው የቴተምን ስም ብቻ አይቶ በሁለተኛው ዙር ሊወስደው ይችል ነበር፤ ዝናው ገና ትኩስ ነበርና። ለተጎዱ ተጫዋቾች የተለየ ቦታ ያለው ሊግ ግን በመጨረሻው ዙር እንዲህ ያለውን ሰው ወስዶ ማቆየት ይችላል፣ ስለዚህ ሰብሳቢ የምትሆኑ ሰዎች የዚህን ቦታ ብዛት ከምርጫው በፊት ማስታወቅ አለባችሁ።

ስለ ሊግ መጠን የሚነሣው ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ብዙዎቻችን የማናስበው ነው። እኛ ስምንት ነን፣ እያንዳንዳችን 13 ተጫዋች እንይዛለን፤ በድምሩ 104 ነው። የኤንቢኤ 30 ቡድኖች እያንዳንዳቸው 15 ተጫዋች በመደበኛ ውል ቢይዙ 450 ይሆናሉ። ስለዚህ ከምርጫው በኋላ ማንም ያልያዛቸው ከ340 በላይ ተጫዋቾች ይቀራሉ፣ ከእነርሱም መካከል በየምሽቱ ሠላሳ ደቂቃ የሚጫወቱ አይጠፉም። በትንሽ ሊግ ውስጥ መካከለኛ ተጫዋች ዋጋ የለውም፤ ነገ ጠዋት በነፃ ይገኛልና። ዋጋው ሁሉ ላይ ያሉት ጥቂቶች ዘንድ ነው። አሥራ ሁለት ወይም አሥራ አራት ሰው በሚጫወትበት ሊግ ግን ነፃ የሚገኘው ሰው እየቀጠነ ስለሚሄድ፣ በዘጠነኛው ዙር የሚወሰድ አስተማማኝ ተጫዋች ራሱ ውድ ይሆናል። መተግበሪያው ሊጋችሁ ስንት ሰው እንዳለው ያውቃል፣ ግምቱን ግን በዚያ አያስተካክልም።

ይህ ጉዳይ ዓይን ያወጣው የጨረታውን ዓይነት ምርጫ በሙከራ አዳራሽ ስንሞክር ነው። በጨረታው ተራ የለም፤ ሁሉም 200 ምናባዊ ዶላር ይዞ ይገባል፣ እየተዘዋወረ አንድ ሰው ስም ይጠራል፣ የቀሩት ይጫረታሉ። ከመካከላችን ቡና ነጋዴ አለ፤ ስለ ቅርጫት ኳስ ከሁላችንም ያነሰ የሚያውቀው እርሱ ነው ብል አይቀየመኝም። ተራው ሲደርስ የጠራቸው ስሞች ሁሉ እርሱ የማይፈልጋቸው ታዋቂ ሰዎች ነበሩ፦ ከሪ፣ ዶንቺች፣ አንቶኒ ዴቪስ። በየስማቸው አንድ ሁለት ጊዜ ዋጋ ከፍ አድርጎ ዝም ይላል፤ እኛ እንፋጃለን። የብዙዎቻችን ገንዘብ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዮኪችን ጠራ፤ መተግበሪያው ከገመተው ዋጋ እጅግ አልፎ ሰጠ፣ ማንም ሊከተለው አልቻለም። «ኧረ በዚህ ዋጋ?» ሲባል፣ «የቀረውን በአንድ በአንድ ዶላር እለቅማለሁ» ነበር መልሱ። ስምንት ሰው ላለበት ሊግ ይህ ትክክለኛው ስሌት ነው። የመተግበሪያው የዋጋ ግምት ለትልቅ ሊግ የተሠራ በመሆኑ ኮከቦቹን አርክሶ፣ መካከለኞቹን አስወድዶ ያሳያል፤ ግምቱን አክብረው የተጫረቱት ሰዎች እያንዳንዳቸው አምስት «ደህና» ተጫዋች ይዘው፣ አንድም የሚያስፈራ ሰው ሳይኖራቸው ወጡ። በጨረታው አሠራር ላይ ግን ቅሬታ የለኝም፤ የዋጋ ማሳደጊያው ቁልፍ ትልቅ ነው፣ የእያንዳንዱ ሰው ቀሪ ገንዘብ ሳይደበቅ ይታያል፣ ማንም ከአቅሙ በላይ እንዳይጫረትም መተግበሪያው አስልቶ ይከለክላል።

ስለ አዲስ ገቢዎች በአጭሩ። በ2025ቱ የኤንቢኤ ምርጫ አንደኛ የወጣውን ኩፐር ፍላግን ሁሉም ስለሚያውቀው በርካሽ አይገኝም። አሥረኛ የተመረጠውን የደቡብ ሱዳኑን ካማን ማሉዋችን ደግሞ አንዱ ጓደኛችን «የጎረቤት ልጅ ነው» ብሎ በሰባተኛው ዙር ወሰደው። ደቡብ ሱዳን በ2024 ለንደን ላይ በወዳጅነት ጨዋታ አሜሪካን እስከ መጨረሻው አስጨንቃ 101 ለ100 የተሸነፈችበትን ምሽት ለምናስታውስ ሰዎች ስሜቱ ይገባናል፤ ነገር ግን ስንት ደቂቃ እንደሚሰለፍ ያልታወቀ ወጣት ሴንተር ቦታው የመጨረሻው ዙር ነው።

አሁን መተግበሪያው ጅማ ላይ ሲሠራ ምን እንደሚመስል። በሞባይል ዳታ ተገናኝተን የገባን ሰዎች ግንኙነቱ ለአፍታ ሲቋረጥ አዳራሹ ያስወጣናል፤ መልሶ ለመግባት የሚወስደው ጊዜ ከተሰጠው ሴኮንድ ሊበልጥ ይችላል። ሰዓቱ ካለቀ ማሽኑ ከላይ የነቀፍኩትን ዝርዝር ተከትሎ በራሱ ይመርጣል። መብራት ጠፍቶ ዋይፋይዋ የወደቀባት የባንክ ሠራተኛ ጓደኛችን ያኒስን ያገኘችው እንዲህ ነው፤ ፍሪ ትሮው ላይ የተገነባ ቡድን አስባ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሰብሳቢው የመምረጫውን ጊዜ ወደ ሁለት ደቂቃ ያርዝመው፣ እያንዳንዱ ሰውም የራሱን ተርታ አስቀድሞ ይሙላ፤ ተርታ የሞላ ሰው ቢቋረጥም ማሽኑ የሚመርጥለት ከራሱ ተርታ ነው። የመምረጫው ሰዓት የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ለሁሉም በቃል መናገርም አይከፋም፤ ስልኩ ላይ 7 ሰዓት የተባለው የእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው።

ከዚህ የባሰው የየዕለቱ አሰላለፍ ነው። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀምረው ጨዋታ እኛ ጋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ እነርሱ በመከር መጨረሻ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ደግሞ 9 ሰዓት ይሆናል። አንድ ተጫዋች እንደማይሰለፍ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው በመሆኑ፣ በየዕለቱ አሰላለፍ የሚቀየርበት ሊግ ላይ ነቅቶ የሚያድር ሰው የተኛውን ይበልጠዋል። መተግበሪያው ሳምንታዊ አሰላለፍ የሚባል ምርጫ አለው፤ ሰኞ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ያስገባችሁት ሳምንቱን ሙሉ ይጸናል። እኛ የመረጥነው ይህን ነው፣ ጠዋት ሥራ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ቢመርጥ እመክራለሁ። በዚህ አሰላለፍ የተጫዋቹ ቡድን በሳምንቱ ሁለት ጨዋታ አለው ወይስ አራት የሚለው ጥያቄ ከስሙ ይበልጣል፤ መተግበሪያው ይህን ቁጥር ከስሙ ሥር በግልጽ ማስቀመጡ ያስመሰግነዋል።

በክፍያ የሚከፈተው ክፍል የተጫዋች ትንበያና የልውውጥ ምክር ይሰጣል ተብሎ ይተዋወቃል። የሚቀበለው የውጭ አገር ካርድ ነው፤ ቴሌብርን አያውቅም። ካርድ ባለው ዘመድ በኩል ከፍሎ የሞከረ አንድ አባል አለን፤ ያሳየን ትንበያ ከነፃው ዝርዝር ጋር በአንድ ዓይነት ስሌት የተሠራ በመሆኑ፣ ከላይ ያነሣሁት ችግር በክፍያ አልተቃለለም። ገንዘባችሁን በዳታ ላይ ብታውሉት ይሻላል።

ልውውጥ ማቅረቢያው ግን ጥሩ ነው። ሁለት ተጫዋች በአንድ ሲለወጥ ትርፍ የሚሆንበትን ሰው ማንን እንደሚያሰናብት እዚያው ይጠይቀዋል፤ የቀሩት አባላት ለመቃወም ሁለት ቀን ይሰጣቸዋል። ውድድሩ በጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ መምህሩ ከሪንና አንድ መካከለኛ ሴንተር ሰጥቶ ያኒስን ከባንክ ሠራተኛዋ ጠየቀ። የእርሱ ቡድን ዳንኤልስንና ጎበርትን የያዘ፣ ፍሪ ትሮውን ቀድሞ የተወ ቡድን ነው፤ የእርሷ ደግሞ ያኒስ ከወጣላት ወደ 80 በመቶ የሚመለስ። መተግበሪያው በድምር ነጥቡ ስሌት እርሷ ትጎዳለች ብሎ ቀይ ቀስት አሳየ፣ እርሱን አይተው ሦስት ሰዎች ተቃወሙ። ፋርማሲስቱ ግን «የእርሷን መቶኛ ሥሩና ተመልከቱ» ብሎ ድምፁን ነፈጋቸው። ልውውጡን ለማገድ የሚያስፈልገው አራት ስለነበር አለፈ፤ ባንክ ሠራተኛዋም በሚቀጥለው ሰኞ ከሪን አሰልፋለች።